«ቀጠሮዎ በስልክ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጨጓራ ወይም የአንጀት ሕመም ለዓመታት የሚከታተል ሰው ይህን ሲሰማ ምርመራው የቀረ ይመስለዋል። አልቀረም። በስልክ የሚደረገው ክትትል ነው፤ ሐኪሙ ምልክቶችን ይጠይቃል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ያያል፣ የመድኃኒት መጠን ያስተካክላል። ሆድ ዳሶ ማየትና ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሆድ ዕቃን ውስጥ ማየት) ግን በአካል ብቻ ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ ሆነው አዲስ አበባ ካለ ስፔሻሊስት ጋር የሚነጋገሩ ከሆነ፣ የታዘዘልዎትን የደምና የሰገራ ምርመራ እዚሁ አስቀድመው ያሠሩ።

የሰገራ ምርመራው ለጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) አንቲጂን፣ ማለትም ለባክቴሪያው ቅንጣት፣ ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ቢያንስ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ለማቆም ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የደማ ቁስለት የነበረበት ሰው በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም።

ሰዓቱም ያሳስታል። «3:00» የሚል መልእክት ከመጣ ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ደውለው ያረጋግጡ።

ከቀጠሮው በፊት ክብደትዎን ይመዘኑ፤ በቀን ስንት ጊዜ ለሰገራ እንደሚቀመጡ ለ7 ቀን ይጻፉ። የመድኃኒት ማሸጊያዎችን፣ ለወገብና ለራስ ምታት የሚወስዱትን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨምሮ፣ አጠገብዎ ያድርጉ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሆድም ያደርቃል።

የብረት እንክብል ሰገራን ያጠቁራል። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ካዩ ግን ስልኩን አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።