ጉልበት ሲዞር፦ የሜኒስከስ መቀደድ በእጅ እንዴት ይመረመራል?

ባሕር ዳር ውስጥ ኳስ የተጫወተ ሰው "ጉልበቴ ዞረ" የሚለውን አቤቱታ ሳይሰማ አይቀርም። እግር መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነት ይዞራል፣ ጉልበት ቀጭ ይላል። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወጌሻ ጋ ነው።

ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ልም አጥንት ነው። በእያንዳንዱ ጉልበት ሁለት አሉ፤ አንዱ በውስጥ፣ አንዱ በውጭ በኩል።

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሂዱ ጥበበ ግዮን፣ ምርመራው የሚጀምረው በወሬ ነው። መቼ አበጠ? በሰዓታት ውስጥ ፊኛ ካከለ የጅማት መበጠስ ይጠረጠራል። የሜኒስከስ እብጠት ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ በማግስቱ ነው የሚመጣው። አልዘረጋ ብሎ ይቆለፋል? ይህ ትልቅ ምልክት ነው። የተቆለፈን ጉልበት በግድ አትዘርጉት፣ ለማንም አታሳሹት። ለእናቶች ደግሞ ጥያቄው "እማማ፣ ሲሰግዱ ያምዎታል?" ቢሆን ይሻላል። በዕድሜ የሳሳ ሜኒስከስ ያለ አደጋም ይቀደዳል፣ ቁጢጥ ሲሉም ያማል።

ከዚያ እጅ ይከተላል። ቁምጣ ለብሳችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ ሱሪ ተጠቅልሎ ጭን አይታይም። ጤነኛው ጉልበት ይቀድማል፣ ማነጻጸሪያው እሱ ነውና። ሐኪሙ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከጉልበቱ ሎሚ ግራና ቀኝ አጥንቶቹ የሚገናኙበትን መስመር በጣቱ ይጫናል። ቀላል ይመስላል፤ ግን እዚያች መስመር ላይ ያለ ሕመም ብዙ ይናገራል።

የሊቨርፑሉ ቀዶ ሐኪም ማክመሪ በ1942 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል። ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ይታጠፋል። አንድ እጅ መስመሩ ላይ፣ ሌላው ተረከዙ ላይ ይሆናል። እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ቀስ እያሉ መዘርጋት የውስጡን፣ ወደ ውስጥ አዙሮ መዘርጋት የውጭውን ሜኒስከስ ይፈትናል። ሕመም የሌለው ቀጭታ ብቻውን ብዙም ትርጉም የለውም፤ የጤነኛ ጉልበትም ይንቋቋል።

የአፕሌይ ዘዴ በሆድ አስተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ እግርን ወደ ታች ተጭኖ ማዞር ነው። ቴሳሊ የሚባለው ደግሞ ሐኪሙን ተደግፎ በአንድ እግር መቆም፣ ጉልበትን 20 ዲግሪ ያህል አጥፎ ሦስት ጊዜ ግራና ቀኝ መዞር ነው። አንዳቸውም ለብቻቸው አይታመኑም። ጎበዝ ሐኪም ዳሌንም ያያል፤ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማልና።

ራጅ አጥንት እንጂ ሜኒስከስ አያሳይም። ኤምአርአይ ያሳያል፤ ችግሩ፣ ምንም የማያማቸው አዛውንቶች ጉልበት ላይም ቅዳጅ ያሳያል። ስለዚህ ፎቶው የሚነበበው እጅ ካገኘው ጋር ነው።