«ሦስት ወር ተምሬ ቢ2 እደርሳለሁ»፦ ስለ ቋንቋ ደረጃዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ አንዱ በነርስነት ጀርመን ለመሄድ፣ ሌላው ለስኮላርሺፕ ሲል ስለ ኤ1፣ ቢ2 እና ሲ1 የሚያወራ ወጣት በዝቷል። እነዚህ ደረጃዎች የአውሮፓ ካውንስል በ2001 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ማዕቀፍ የመጡ ናቸው፤ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 (ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2) ስድስት ናቸው። የሚለኩት ተማሪው በቋንቋው ምን መሥራት እንደሚችል ነው። ይህ ስለሚዘነጋ ብዙ ወጣት ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል፤ ያሳዝነኛል።

«ሦስት ወር ከተማርኩ ቢ2 እደርሳለሁ»

ከዜሮ ለሚነሳ ሰው አይሆንም። እስቲ እናስላው፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሚማር ሰው በ12 ሳምንት የሚያገኘው 54 ሰዓት ነው። የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጆች ግን ከዜሮ ተነስቶ ኤ2 ለመድረስ ከ180 እስከ 200፣ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 ሰዓት በአስተማሪ የታገዘ ትምህርት እንደሚያስፈልግ ይገምታሉ። በእርግጥ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረ ልጅ ከዜሮ አይነሳም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የደረጃ መለያ ፈተና ይጠይቅ፤ ሳይፈትን «ቢ2 ክፍል ግባ» የሚል ትምህርት ቤት አልመክርም። ጀርመንኛን ግን አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከፊደሉ ነው። የነርስነት ሙያን እዚያ ለማስመዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቢ2 ስለሆነ፣ ዕቅዱ ከሦስት ወር በጣም መራቅ አለበት።

«ደረጃዬ አንድ ነው»

ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ከወላይታ የመጣ ነጋዴ በሲዳምኛ ዋጋ ይከራከራል፣ ከደንበኛው ጋር ይጫወታል። በዚያው ቋንቋ ማመልከቻ ጻፍ ቢባል ግን ይቸገር ይሆናል፦ በመናገር ቢ1፣ በመጻፍ ኤ1 ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰዋስው ላይ ጎበዝ የሆነ ተማሪ ፈጠን ያለ ንግግር ሲሰማ ይጠፋበታል። አይኤልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም የማዳመጥን፣ የማንበብን፣ የመጻፍንና የመናገርን ነጥብ ለየብቻ ያስቀምጣል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአማካዩ ሌላ ለእያንዳንዱ ዝቅተኛ ነጥብ ስለሚያስቀምጡ፣ አጠቃላይ 6.5 ያመጣ ሰው በጽሑፍ 5.5 ብቻ ስላገኘ ሊቀር ይችላል። ልምምዱ በደከመው ክህሎት ላይ ይብዛ።

«ሲ2 ማለት እንደ አገሬው ሰው መናገር ነው»

ማዕቀፉ ራሱ ይህን አይቀበልም። የሲዳምኛ ወይም የአማርኛ ቅላጼ ያለው ሰው ሲ2 ሊሆን ይችላል፤ በተቃራኒው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ብዙ ያላነበበ ሰው የሲ2ን የጽሑፍ ሥራ ላይወጣው ይችላል። በቅላጼያችሁ አትፈሩ።

«ኤ1 ዋጋ የለውም»

ጀርመን ወዳለ የትዳር ጓደኛ ለመሄድ ቪዛ የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው የሚጠየቀው ኤ1ን ነው።

«አንዴ ካለፍኩ ሁልጊዜ ያገለግላል»

የአይኤልትስና የሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና የቶፍል ውጤት በአብዛኛው ተቀባይነት የሚኖረው ለ2 ዓመት ነው። የጎተ ኢንስቲትዩት የጀርመንኛ ፈተና ሰርተፊኬት የማብቂያ ቀን ባይኖረውም፣ ተቀባዩ አዲስ ውጤት ሊጠይቅ ይችላል። ለፈተና ከመመዝገባችሁ በፊት የምታመለክቱበት ተቋም የትኛውን ፈተና፣ በየትኛው ክህሎት ስንት ነጥብ፣ ምን ያህል ጊዜ ያለፈውን ውጤት እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቁ።