የሂንዱ ቤተ መቅደሶች የመንግሥት ቁጥጥር ምንድን ነው?

«የሕንድ መንግሥት ቤተ መቅደሶችን ወርሷል፤ ሴኩላሪዝሙም (መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚለው መርሕ) የይስሙላ ነው» የሚል አስተያየት አሁንም አነበብኩ። ጸሐፊው የተከፋፈለውን ሥልጣን በአንድ ቃል ጠቅልሎታል።

በሕንድ ሕግ የንብረቱ ባለቤት አምላኩ ራሱ ነው፤ በስሙ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ፍርድ ቤቶች የሚያዩት አካለ መጠን እንዳላደረሰ ልጅ ነው፤ የቤተ መቅደሱ አስተዳዳሪ ሞግዚቱ ነው፤ መንግሥት ደግሞ የሞግዚቱ ተቆጣጣሪ ነው። ሞግዚት የልጁን መሬት ያከራያል፣ ሒሳብ ይይዛል፤ የልጁን እምነት ግን አይወስንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መስመሩን ያሰመረው እዚሁ ላይ ነው፦ አምልኮው የምእመናኑ፣ የገንዘቡ አያያዝ ግን በሕግ የሚገዛ። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም። በ1972 ካህን መሾም ዓለማዊ ተግባር ነው፣ ተሿሚው ግን የአምልኮውን ሥርዓት የሚያሟላ ይሁን ተባለ። ሞግዚቱ መምህር ይቀጥራል፤ ትምህርቱን አይመርጥም።

የምናገረው በተለይ ስለ ደቡብ ሕንዱ ክልል ስለ ታሚል ናዱ ነው፤ ሕጉ ከክልል ክልል ይለያያል። በጎረቤቱ ክልል በኬረላ፣ በፓድማናብሃስዋሚ ቤተ መቅደስ ለምሳሌ ፍርድ ቤቱ በ2020 የቀድሞውን ንጉሣዊ ቤተሰብ የማስተዳደር መብት አጽንቷል።

«ሴኩላሪዝም ያመጣው ጣጣ ነው» የሚለው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። የዛሬዋን ታሚል ናዱን ያካተተችው የማድራስ ግዛት እንግሊዛውያን ሹማምንት በቤተ መቅደስ ሀብት የገቡት በ1817 ነው፤ እንግሊዞች በ1863 እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በ1925 ቁጥጥሩን በሕግ የመለሰው ሕንዳውያን አባላት የተመረጡበት የማድራስ ምክር ቤት ነበር። «ሴኩላር» የሚለው ቃል በሕገ መንግሥቱ መግቢያ የተጨመረው በ1976 ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ስለሚል፣ ሕንድንም በዚያ መለካት ይቀናናል። የእነርሱ አንቀጽ 25 ግን ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ የገንዘብ ሥራን መንግሥት እንዲቆጣጠር፣ የሂንዱ ቤተ መቅደሶችም ለሁሉም የሂንዱ ወገኖች እንዲከፈቱ በግልጽ ይፈቅዳል። በትውልዳቸው ዝቅተኛ መደብ ተብለው ከደጅ ይመለሱ የነበሩትን ማስገባት ያለ መንግሥት እጅ እንዴት ይታሰብ ነበር?

ተቺዎቹ ማንሳት የነበረባቸው ሌላ ነጥብ አለ፦ ይህ ልጅ መቼም አካለ መጠን አያደርስም፤ ስለዚህ ሞግዚትነቱ ማብቂያ የለውም። በ2014 በቺዳምባራሙ ናታራጃ ቤተ መቅደስ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት አስተዳደሩን የሚረከበው ብልሹ አሠራርን ለማረም ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው ብሏል። የፑንጃብ ሲኮች ጉርድዋራዎችም (የሲክ ሃይማኖት ቤተ መቅደሶች) በ1925 በወጣ ሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ሆኖም የአስተዳደር ኮሚቴያቸውን ምእመናኑ ይመርጣሉ። የታሚል ናዱን ቤተ መቅደሶች የሚቆጣጠረውን ኮሚሽነር የሚሾመው ግን መንግሥት ነው።