ስለ ቄሳር ገዳይ ካሲየስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ተውኔት ውስጥ ሴራውን የሚጠነስሰው ካሲየስ ነው። አንባቢ ስለ እርሱ የሚይዘው ሥዕል ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ከቄሳር አንደበት ነው፤ ቄሳር በመጀመሪያው ገቢር ለታማኝ ወዳጁ ለአንቶኒ ሲናገር፣ ይህ ከሲታ ሰው የሚበልጠውን ሲያይ ዕረፍት የለውም ይላል።

ከዚህ የሚነሣው ዋናው ስሕተት ካሲየስን ለግድያው ያነሣሣው ቅናት ብቻ ነው የሚለው ነው። ቅናቱን መካድ አይቻልም። ቄሳር በቲቤር ወንዝ ሊሰምጥ ሲል ካሲየስ ተሸክሞ እንዳወጣው፣ በስፔንም ትኩሳት ይዞት ውሃ ሲለምን እንደሰማው፣ ወደ ሴራው ሊስበው ለሚፈልገው ለብሩተስ ሲተርክ፣ ያ ደካማ ሰው ዛሬ እንደ አምላክ መታየቱ ምን ያህል እንደሚያንገበግበው በግልጽ ይታያል። ሆኖም ይህንኑ ምሬት ከነጻነት ፍቅሩ መነጠል አይቻልም፤ ካሲየስ የሚቆጨው ነጻ ሆኖ የተወለደ ሰው ለእኩያው እንዲያጎነብስ መገደዱ ነውና። ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘበት የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክም ቢሆን የካሲየስን ጥላቻ በግል ቂም ብቻ አይተረጉምም፤ ገና በልጅነቱ፣ የሮም አምባገነን የነበረው የሱላ ልጅ በአባቱ ሥልጣን ሲኩራራ ሰምቶ በጥፊ እንደመታው ይነግረናል።

ሁለተኛው ስሕተት ብሩተስ የተታለለው በካሲየስ ሐሰተኛ ደብዳቤዎች ነው የሚለው ነው። ካሲየስ የዜጎች አቤቱታ አስመስሎ ያስጻፋቸውን ወረቀቶች ወደ ብሩተስ ቤት ማስወርወሩ እውነት ነው፤ ነውርነቱም አያከራክርም። ነገር ግን በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ብሩተስ ቄሳር መሞት አለበት ብሎ ለብቻው ሲወስን ደብዳቤው ገና እጁ አልገባም። ካሲየስ በብሩተስ ልብ ውስጥ አስቀድሞ የነበረውን ጥርጣሬ አቀጣጠለ እንጂ ከምንም አልፈጠረውም።

ካሲየስ ስሜት የሌለው ስሌተኛ ነው የሚለው ሦስተኛው አመለካከት ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ከተውኔቱ የራቀ ነው። ስሌተኛ ቢሆን ኖሮ አንቶኒ ከቄሳር ጋር ይገደል፣ በቀብሩም ላይ አይናገር ያለውን ምክሩን እስከ መጨረሻው ባስከበረ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ትክክል እርሱ ሆኖ ሳለ ለብሩተስ ተሸነፈ። ከግድያው በኋላ ጦራቸው በሰርዴስ ከተማ ሰፍሮ ሳለ ብሩተስ በጉቦ ሲከሰው ደረቱን ገልጦ ጩቤውን ሰጥቶ «ውጋኝ» የሚለውም ይኸው ሰው ነው። በዚያው ሌሊት በአንቶኒ ጎራ ያለውን ጠላት ባሉበት ሆነው እንዲጠብቁ ቢመክርም፣ ወደ ፊልጵስዩስ እንዝመት ላለው ለብሩተስ ዳግመኛ ይሸነፋል፤ ውጊያው ከመጀመሩ በፊትም የጦር ባልደረባቸውን መሳላን ጠርቶ የሁላቸውንም ነጻነት በአንድ ውጊያ ላይ የጣለው ያለ ፈቃዱ መሆኑን እንዲመሰክርለት ይለምነዋል።