የመታወቂያ ዋሌት ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ነኝ። ከፊቴ ያለው ወጣት ተራው ደርሶ መታወቂያ ሲጠየቅ ስልኩን አወጣና ጋለሪው ውስጥ ያስቀመጠውን የፋይዳ ካርድ ፎቶ አሳየ። ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ ይኼ ፎቶ እኮ ነው፤ መታወቂያህን አምጣ» አለችው። «ስሜም መልኬም ቁጥሬም ይኸው አለ፤ ምን ጎደለው?» አላት። ወረፋው ረጅም ስለነበር አልመለሰችለትም። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል።

የጎደለው ማኅተሙ ነው። የቀበሌ መታወቂያን አስታውሱ፦ ክቡ ማኅተም የሚያርፈው ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው። አንዱ ፎቶውን ልጦ የራሱን ቢለጥፍበት ክቡ አይገጥምለትም። ዋሌት የምንለው ይህንን ማኅተም በስልክ የሚይዝ መተግበሪያ ነው። መታወቂያውን የሚሰጠው ተቋም የባለቤቱን ስም፣ የትውልድ ቀንና ሌላውን መረጃ በዲጂታል ፊርማ ያትመዋል። ከስሙ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ፊርማው አልገጥምም ይላል። ማተሚያው ቁልፍ በተቋሙ እጅ ብቻ ነው፤ መመርመሪያው ቁልፍ ግን ለማንም ክፍት ነው። በዚህ ላይ ስልኩ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ባለቤቱ በፒን ወይም በአሻራ ሲከፍተው «ይህ መታወቂያ የተሰጠው ለእኔ ነው» ብሎ ያረጋግጣል። ፎቶን ግን ማንም ለማንም በቴሌግራም ይልከዋል።

ፋይዳ ራሱ ዋሌት አይደለም፤ ዋሌት ውስጥ የሚገባው መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገ ሲሆን፣ ሲመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ዓይን ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ዕድሜውን ሞፈር ሲጨብጥና ማጭድ ሲይዝ የኖረ የቢቸና ገበሬን መዳፍ ማየት ይበቃል፤ የጣቱ መስመር አልቆ ማሽኑ አሻራውን ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ለተመዘገበ ሰው የሚሰጠው ቁጥር 12 አኃዝ ነው። ፋይዳ ዜግነትን አይመሰክርም፣ የብሔር መስመርም የለውም፤ ሰውየው እሱ ራሱ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ሥርዓቱ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር መነሻው የሕንዷ ባንጋሎር ናት፤ ኢንጂ የሚባል የራሱ ዋሌትም አለው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ዋሌት የተጠየቀውን ብቻ መስጠት መቻሉ ነው። ፍኖተ ሰላም አልጋ ስንይዝ መታወቂያችን ላይ ያለው ሁሉ፣ እስከ ተጠሪ ስልክ ቁጥር ድረስ፣ መዝገብ ላይ ይገለበጣል። መዝገቡን ነገ ማን እንደሚያገላብጠው ማን ያውቃል? በደንብ የተሠራ ዋሌት «ዕድሜው ከ18 በላይ ነው?» ለሚል ጥያቄ አዎ ብሎ ብቻ ይመልሳል፤ የትውልድ ቀኑን አያወጣም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 2026 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለዜጎቻቸው እንዲያቀርቡ በሕግ የታዘዙት ዋሌት ይህንን የግድ ማሟላት አለበት።

ለእኛ ወሳኙ ነገር ግን ኔትወርክ ነው። ነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት እንዴት እንደኖርን ጎጃም ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። መታወቂያ የሚረጋገጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አዲስ አበባ ያለውን ማዕከል ጠይቆ መልስ መጠበቅ ነው፤ መስመር ከሌለ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛው ማኅተሙን እዚያው ቦታ መመርመር ነው፤ መመርመሪያው ቁልፍ ቀድሞ የጠያቂው ስልክ ላይ ስለተጫነ ሁለቱ ስልኮች በኪውአር ወይም በብሉቱዝ ብቻ ይግባባሉ። ለስልክ መንጃ ፈቃድ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ሞጣ ላይ መስመር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መተግበሪያ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ለእኛ ዋሌት ሊባል አይገባውም ባይ ነኝ።

ስልክ ቢጠፋ መታወቂያው አይጠፋም፤ ምዝገባው ማዕከል ስላለ በሌላ ስልክ እንደገና ይወጣል። በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ግን ደውሎ ለሚጠይቅ ሰው መስጠት የቤትን ቁልፍ እንደ ማቀበል ነው፤ «ከባንክ ነው» ቢልም አይሰጥም።

እናቴ ስማርት ስልክ የላትም። የእሷ ፋይዳ የታተመ ካርድ ነው፤ ኪውአሩ ውስጥ ያው ፊርማ አለ። በላስቲክ ጠቅልላ ከገንዘቧ ጋር መቀነቷ ውስጥ ትቋጥረዋለች። ገበያ በሄደች ቁጥር ኪውአሩ ላይ እንዳይታጠፍ አደራ እላታለሁ።