ፓይተን ነገውን እንዴት ያቅዳል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ፓይተን በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ነው። የጀመረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ሲሆን ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ኮዱን ማንም ያወርዳል፣ ያነባል፣ ይቀይራል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ የማይወራለት የወደፊት ዕቅዱም እንደ ኮዱ ክፍት መሆኑ ነው። ወደፊት ምን እንደሚጨመር፣ ምን እንደሚወጣ፣ ማን በምን ምክንያት እንደተቃወመ ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል። ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ተማሪም ሆነ አሜሪካ ያለ ባለሙያ የሚያነቡት አንድ ሰነድ ነው።

ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ነው። በሁለቱም ከተሞች ኮድ የሚጽፍ ወጣት አለ። ይህ ወጣት ግን ፓይተንን እንደ ተጠቃሚ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሌላ ቦታ ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ አድርጎ። ዕቅዱን ቢያነብ ስለራሱ ችግር የተጻፈ ገጽ ያገኛል።

ሐሳብ ዕቅድ የሚሆነው እንዲህ ነው

መጀመሪያ አንድ ሰው "ይህ ነገር ቢስተካከል" ይላል። ሌሎች ይከራከሩበታል። ሐሳቡ ውኃ የሚያነሣ ከሆነ ፔፕ የሚባል ሰነድ ይጻፍለታል። ይህ አሠራር ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የፔፕ ጸሐፊ ችግሩን ማስረዳት አለበት። ለውጡ አሮጌ ኮድ ያበላሽ እንደሆነ ይናገራል። ያልተመረጡት አማራጮች ለምን እንደቀሩም ይጽፋል። "ይህን እንዴት እናስተምረዋለን?" የሚል ክፍልም አለው። እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ አዲሱን ነገር ሰሌዳ ላይ የሚያስረዳው መምህር ገና ከዕቅዱ ታስቦበታል ማለት ነው። ውድቅ የሆኑ ፔፖችም አይሰረዙም። ከነምክንያታቸው ይቀመጣሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው እዚያው ያነባቸዋል።

ቀድሞ የመጨረሻው ቃል የጊዶ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ፔፕ 572 ላይ ከተነሣው የጦፈ ክርክር በኋላ ከውሳኔ ሰጪነቱ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የሚወስነው ዋናዎቹ ገንቢዎች የሚመርጡት የ5 ሰዎች ምክር ቤት ነው። ከአንድ ድርጅት ከ2 ሰው በላይ መቀመጥ አይችልም። ቋንቋው የአንድ ኩባንያ እንዳይሆን የተቀመጠ ጥሩ አጥር ነው።

የጊዜ ሰሌዳው ለእኛ አቆጣጠር ይመቻል። ከእትም 3.9 ጀምሮ በዓመት አንድ አዲስ እትም ይወጣል፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር። 3.13ም 3.14ም የወጡት መስከረም 27 ቀን ነው፤ የመጀመሪያው በ2017፣ ሁለተኛው በ2018 ዓ.ም.። ግንቦት አካባቢ የመጀመሪያው ቤታ (ለሙከራ የሚቀርበው እትም) ይወጣና በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አይጨመርም፤ ስህተት ብቻ ይታረማል። ክረምቱ የፍተሻ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ እትም 5 ዓመት ይደገፋል፣ መጨረሻ ላይ ለደኅንነት ጉዳይ ብቻ።

የ"ደሴ" እና የ"ኮምቦልቻ" ልዩነት

ዕቅዱ ምን ያህል እንደሚመለከተን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በእንግሊዝኛ የተዋቀረ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ የከተማ ስም የያዘ የጽሑፍ ፋይል አለን እንበል፤ ፋይሉ ዛሬ ሁሉም በሚጠቀምበት በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ (ፊደላትን በቁጥር የማስቀመጫ ሥርዓት) የተቀመጠ። ፓይተን 3.14 ወይም ከዚያ በፊት የነበረ እትም ፋይሉን ሲከፍት የፊደል ኮዱ ምን እንደሆነ ካልነገርነው የዊንዶውስን አሮጌ የምዕራብ አውሮፓ የፊደል ሰንጠረዥ ይጠቀማል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። ሰንጠረዡ ግን እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ያነባል።

ፋይሉ ውስጥ "ደሴ" ብቻ ካለ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሄዳል። የሚወጣው ግን ትርጉም የሌለው የ6 ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። "ኮምቦልቻ" ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጥፋቱ የ"ም" ነው። ሦስተኛ ባይቷ በዚያ አሮጌ ሰንጠረዥ ባዶ ከሆኑት 5 ቦታዎች አንዱ ላይ ያርፋል። የ"ፈ" እና የ"ፀ" ቤተሰቦች በሙሉ፣ አራት ነጥብም ጭምር፣ እንደዚሁ ያስቆሙታል። ተማሪው ትናንት የሠራለት ኮድ ዛሬ አንድ ስም ሲጨመር ለምን እንደተበላሸ አይገባውም። ጓደኛው ሊኑክስ ላይ ሞክሮት "እኔ ጋ ይሠራል" ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ሊኑክስና ማክ በአብዛኛው ዩቲኤፍ-8 ስለሚጠቀሙ ችግሩ አይታያቸውም።

ብዙ ገንቢዎች የሚሠሩት በእነዚያ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ ረጅም ጊዜ ተድበስብሶ ቆየ። ነገሩን በጽናት የገፋው ጃፓናዊው ገንቢ ኢናዳ ናኦኪ ነው። የጃፓን ዊንዶውስም የራሱ አሮጌ ሰንጠረዥ ስላለው ችግሩ እዚያም ያው ነው።

መፍትሔው በአንድ ጀምበር አልመጣም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.7 ፈቃደኛ የሆነ ሰው የሚያበራው የዩቲኤፍ-8 አሠራር ይዞ መጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. 3.10 የፊደል ኮዱን ሳይናገር ፋይል የሚከፍተውን፣ ሲጠየቅ፣ የሚያስጠነቅቅ መንገድ ጨመረ። በ2022 እ.ኤ.አ. ፔፕ 686 ጸደቀ፦ ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 ነባሪ፣ ማለትም ሌላ ካልተነገረው የሚጠቀምበት፣ ይሁን የሚል። 3.15 የሚወጣው በ2019 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ ተብሎ ተይዟል። ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው 8 ዓመት መሆኑ ነው።

ዝግታው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 ከአሮጌው ጋር የማይስማሙ ብዙ ለውጦችን በአንዴ አመጣ። ዓለም ሁሉ ኮዱን እስኪያሻግር 2.7 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. መቆየት ግድ ሆነበት፤ መጀመሪያ የተያዘለት ጊዜ 2015 እ.ኤ.አ. ነበር። ያ ልምድ ማኅበረሰቡን በጣም አስተምሯል። ዛሬ አንድ ነገር ከመውጣቱ በፊት በተከታታይ እትሞች ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ዕቅዱ የኮምፒውተር ላባችን ሲደርስ

ዕቅዱ ሁልጊዜ አያስደስትም። 3.9 ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም፤ ማይክሮሶፍት መደገፍ ያቆመውን ዊንዶውስ አዳዲሶቹ የፓይተን እትሞችም አይደግፉም። አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ላብ በ3.8 ይቀራል፤ የእሱም ድጋፍ በ2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ለእንዲህ ያለ ማሽን ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን ይሻላል። አዲሱ ፓይተን ይሠራል፣ የፊደሉም ጣጣ አብሮ ይቀራል።

ማሻሻያ ቶሎ አለመድረሱ የሚጎዳው ጀማሪውን ነው። ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጋ የረሳን ተማሪ አሮጌው ፓይተን ስህተቱ ቀጣዩ መስመር ላይ ነው እያለ ያደናግረው ነበር። 3.10 ግን "ይህ ቅንፍ አልተዘጋም" ብሎ ቦታውን ያሳየዋል። ይህ እትም የወጣው መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ንብረቱ ተዘረፈ፣ ወደመ። ሌላው ዓለም አዲሱን እትም ሲሞክር እዚህ ላብ መልሶ ማቋቋም ነበር ጥያቄው። የ5 ዓመት ድጋፍ የሚባለው ነገር ዋጋው የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው በሩ ተዘግቶ አያገኘውም።

ከዚህ ሆኖ ምን መሥራት ይቻላል?

ፔፕ መጻፍ የብዙዎች የመጀመሪያ ሥራ አይደለም፤ የዋና ገንቢ ድጋፍም ይጠይቃል። ቤታ መሞከር ግን ላፕቶፕ ላለው ሁሉ ክፍት ነው። አንድ ተማሪ ጫኙን አውርዶ በፍላሽ ለክፍሉ ሊያዳርስ ይችላል። ከእኛ ዘንድ መሞከር ያለበት ነገር ደግሞ ግልጽ ነው፦ የአማርኛ ስም ያለበት ፋይል፣ በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ተለዋዋጭ ስም። ፓይተን 3 የመጨረሻውን ይቀበላል፤ "ዋጋ" ብሎ ሰይሞ 25 መስጠት ይቻላል። ሁለት ነጥብን ግን እንደ ክፍተት አይቆጥረውም። በእሱ የተለያዩ ቃላትን እንደ አንድ ቃል ነው የሚያያቸው። "፩"ን አሃዝ ነው ይላል፣ ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ሲባል ግን እምቢ ይላል። እነዚህን በእጁ ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ሪፖርት ሲጽፍ ከማንም በላይ ይደመጣል።

ሌላው በር ትርጉም ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ፔፕ 545 የፓይተን ሰነዶች በሌሎች ቋንቋዎች በይፋ የሚወጡበትን መንገድ ከፍቷል። ቀድመው የገቡት ጃፓንኛ፣ ፈረንሳይኛና ኮሪያኛ ናቸው። የጀማሪዎች መማሪያው መጀመሪያ ከሚጠበቁት ክፍሎች አንዱ ነው። ይህ ሥራ ምዕራፍ በምዕራፍ ተከፋፍሎ የሚሠራ ነው። ደሴ ያለው አንዱን ምዕራፍ ይይዛል፣ ኮምቦልቻ ያለው ሌላውን፤ ቅዳሜ ተገናኝተው ይተራረማሉ።