የአዋቂዎች ዌስተርን ምንድን ነው?

ካውቦይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ፊልም ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ካውቦይ ለብዙ ዓመታት በጆሮም ይሰማ ነበር። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዌስተርን ከሚባሉት ከነዚህ የካውቦይ የሬዲዮ ድራማዎች አንዱ ዓይነት «የአዋቂዎች ዌስተርን» ተባለ። ስሙ የተሰጠው ለልጆች ከሚቀርቡት ድራማዎች ለመለየት ነው።

የልጆቹን ለመረዳት ሎን ሬንጀር የተባለውን የሬዲዮ ድራማ ማየት ይበቃል። በ1933 ከዲትሮይት ጀመረ። በሬዲዮ አንድ ጀግና ብቻውን ሲጋልብ ከማን ጋር ያውራ? ስለዚህ ቶንቶ የሚባል ከነባር አሜሪካውያን ወገን የሆነ ጓደኛ ተፈጠረለት። ቶንቶ ታማኝ ነው፣ ደፋር ነው። እንግሊዝኛው ግን ሆን ተብሎ የተሰባበረ ነው። አገሩ የእሱ ሆኖ ሳለ እንደ እንግዳ ያወራል። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

በ1952 ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ የስርጭት ድርጅት ገንስሞክ የሚባል የሬዲዮ ድራማ ጀመረ። አዘጋጁ ኖርማን ማክዶኔል፣ ዋና ደራሲው ጆን ሜስተን ናቸው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1870ዎቹ ካንሳስ ውስጥ ባለችው ዶጅ ሲቲ ነው። እዚህ ክፉው ሰው ከሩቅ የመጣ ሽፍታ ብቻ አይደለም። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ሊሆን ይችላል። ለደቦ ፍርድ ገመድ ይዞ የወጣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ሕግ አስከባሪው ማት ዲሎን ሁሌ አያሸንፍም፤ አንዳንዴ የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ለእኔ የአዋቂዎች ዌስተርን ማለት ይኸው ነው፦ ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላም በደሉ እዚያው ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ድራማ።

እንደ 1956ቱ ፎርት ላራሚ ያሉ ሌሎች ድራማዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በነባር አሜሪካውያን ላይ የደረሰውን ግፍ ደፍረው ሲናገሩ እንኳ፣ የነዚያን ሰዎች ድምፅ በአብዛኛው የሚሰጡት ነጭ ተዋንያን ነበሩ። በሬዲዮ ፊት አይታይም። ያ ለማንም በር ሊከፍት ይችል ነበር፤ አልተከፈተም።

ከገንስሞክ ክፍሎች አንዱ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ዲሎን የበረዶ ውሽንፍር ይይዘውና አንዲት ጎጆ ይገባል። ውስጥ ሁለት ወሮበሎችና ቤል የምትባል ወጣት አሉ። አባቷን ገድለው እሷን አግተዋታል፤ ምን እንዳደረጓት በግልጽ ባይነገርም ከድምፅዋ ይገባችኋል። ዲሎን ሁለቱንም ይገድላቸዋል። በልጆቹ ድራማ ቢሆን ሙዚቃው እዚህ ላይ ይነሳ ነበር።

እዚህ ግን ወሬው ይቀጥላል። ቤል ከእንግዲህ የቀረላት ከተማ ወርዶ መጠጥ ቤት መሥራት እንደሆነ ትነግረዋለች። ዲሎን ልቧ እንዳይመር ይለምናታል፤ በዓለም ላይ ብዙ ጥሩ ወንዶች አሉ ይላታል።

እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ትለዋለች።